የእንስሳት ማቆያ፦ መዝናኛ ወይስ የዘር መጠባበቂያ?

በቨርጂኒያ፣ ሴቨን ኮርነርስና አካባቢው ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆች፣ በዋሽንግተን ዲሲ የሚገኘው የስሚዝሶኒያን ብሔራዊ የእንስሳት ማቆያ ልጆቻቸውን ያለ መግቢያ ክፍያ ከሚያዝናኑባቸው ሥፍራዎች አንዱ ነው። እ.አ.አ. በ1889 በአሜሪካ ምክር ቤት ሕግ የተቋቋመው ይህ ማቆያ ለኢትዮጵያም እንግዳ አይደለም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ለፕሬዝደንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የላኩት የግሬቪ የሜዳ አህያ እ.አ.አ. በ1904 እዚያ አርፎ ነበር።

በዚያ ዘመን የዱር እንስሳ የመንግሥታት ወዳጅነት መግለጫ፣ ለተመልካችም ብርቅ ትዕይንት ነበር። ዛሬ የሚነሳው ጥያቄ ሌላ ነው። በአጥር ውስጥ የሚኖር እንስሳ በዱር ላለው ወገኑ ምን ይፈይዳል? ተቺዎች እንደሚሉት፣ ነጻነቱን ያጣ እንስሳ ለሰው መዝናኛ ከመሆን አያልፍም።

የቻድ ተሞክሮ ለዚህ ትችት በከፊል ምላሽ ይሰጣል። ቀንዱ እንደ ጎራዴ የቆለመመው የሳላ ዝርያ እ.አ.አ. በ2000 ከዱር እንደጠፋ ተመዝግቦ ነበር። በማቆያዎች የተረፉት ከረቡ በኋላ፣ ከ2016 ጀምሮ ወደ ቻድ ተመልሰዋል። በፍሮንት ሮያል፣ ቨርጂኒያ የምርምር ማዕከል ያለው የስሚዝሶኒያን ተቋምም የተለቀቁትን በሳተላይት መከታተያ ሲያጠና ቆይቷል። ዝርያው በ2023 “ከዱር የጠፋ” ከሚለው መደብ ወጥቷል። ይሁንና ማቆያዎቹ ያቆዩት ዘሩን ነው። ሳላው የሚመለስበት ሰፊ ጥብቅ ምድር በቻድ ባይኖር ኖሮ፣ ድካሙ ሁሉ ከንቱ በሆነ ነበር።

ኢትዮጵያ ከዚህ የምትወስደው ትምህርት ድርብ ነው። በአዲስ አበባ፣ ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ያሉት ጥቁር ጎፈር አንበሶች ከሌሎች የተለየ የዘር ውርስ እንዳላቸው እ.አ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት አመልክቷል። አጥኚዎቹም ዘራቸው በጥንቃቄ እንዲራባ መክረዋል። ግቢው ስለዚህ ከመጎብኛነት የላቀ ኃላፊነት አለበት።

በአንጻሩ ዋልያና ቀይ ቀበሮ በየትኛውም የዓለም ማቆያ የሚራባ መጠባበቂያ ዘር የላቸውም። በዱር የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም። ለእነርሱ ከኢትዮጵያ ተራሮች ሌላ ሁለተኛ ዕድል የለም። በግጦሽ፣ በእርሻ መስፋፋትና በግጭት የሚጎዳው መኖሪያቸው ከጠፋ፣ ሳላው እንደተመለሰ የሚመለስ ዘር አይኖርም።