ሠራተኛ ለምን አይበረክትም?

«የዛሬ ልጅ ሥራ አይወድም» የሚል ወቀሳ ከቀጣሪዎች አፍ አይጠፋም። ሠራተኛ ተቀጥሮ ጥቂት ወራት ሳይቆይ ሲለቅ ምክንያቱ ስንፍና ነው ይባልና ነገሩ በዚያው ይዘጋል። በአገራችን ፋብሪካዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ግን ሌላ ነገር ያሳያሉ።

ክሪስቶፈር ብላትማን እና ስቴፋን ደርኮን የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች በአምስት የኢትዮጵያ ድርጅቶች ለመቀጠር ያመለከቱ ወደ 1000 የሚጠጉ ሰዎችን ተከታትለዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ጥናታቸው እንደሚያሳየው አብዛኞቹ ተቀጣሪዎች በወራት ውስጥ ሥራውን ጥለው ወጥተዋል። ሥራ ጠል አልነበሩም፤ ፈልገው ያመለከቱ ናቸው። ሲገቡ ያገኙት ግን አነስተኛ ክፍያ ያለው፣ የማይመችና ለጤና የሚያሰጋ ሥራ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክም ተመሳሳይ ችግር ገጥሞታል። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 ባወጡት ሪፖርት መነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር ገደማ እንደነበርና ፋብሪካዎቹ በአማካይ በአንድ ዓመት ውስጥ ሠራተኞቻቸውን ሙሉ በሙሉ እንደሚተኩ ገልጸዋል። ሪፖርቱ በደመወዙ ብቻ አላበቃም፤ ከገጠር በመጡ ወጣት ሴቶችና ከእስያ በመጡ አለቆች መካከል የነበረውን የባህልና የመግባባት ክፍተትም አንስቷል።

ስለዚህ ደመወዝና አያያዝ ተነጣጥለው አይታዩም። ክፍያው ከቤት ኪራይና ከምግብ የማያልፍ ሠራተኛ ስድብ ሲጨመርበት የሚያቆየው ነገር አይኖርም። ጥሩ አያያዝ ደግሞ ፈገግታ ማሳየት ብቻ አይደለም። ደመወዝን በቀኑ መክፈል፣ ፈረቃ ሲቀየር ቀድሞ ማሳወቅ፣ ጥፋትን በሰው ፊት ሳይሆን ለብቻ ማረም፣ ቅሬታ ያቀረበ ሰው ቂም እንዳይያዝበት ማድረግ ነው። ሕጉም ለክብር ቦታ ይሰጣል፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው ሰብዓዊ ክብሩን የሚነካ ድርጊት የፈጸመበት ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ውሉን ማቋረጥ ይችላል።

ከማኅበረሰባችን ሱቅ፣ ትምህርት ቤት ወይም ድርጅት የከፈቱ ወንድሞችና እህቶች ብዙ ናቸው። ሥራ የለመደ ሰው በለቀቀ ቁጥር አዲሱን ከሀ ጀምሮ ማሰልጠን ጊዜም ገንዘብም ይበላል። የሚለቀውን ሠራተኛ ሒሳቡን ከፍሎ ከመሸኘት በፊት «ለምን ለቀቅህ?» ብሎ መጠየቅና መልሱን ሳይቆጡ መስማት ምንም አያስከፍልም። ከአንድ አለቃ ሥር ሦስት ሰዎች ተከታትለው ከወጡ ደግሞ፣ መመርመር ያለበት የወጡት ሰዎች ጠባይ ሳይሆን የአለቃው አሠራር ነው።