መርዶ ነጋሪ የሌለው የሥራ ዕድል

በዚህ አገር የሥራ ዕድል ፈጠራ ዕቅድ ሲወለድ እልልታ አለ፤ ሲሞት ግን መርዶ ነጋሪ የለውም። ሲጀመር ባነር ይሰቀላል፣ ሪባን ይቆረጣል፣ ካሜራ ይመጣል። ሲያልቅ "በጀት አልተለቀቀም" የምትል ቃል ከቢሮ ቢሮ ትንከባለልና ነገሩ በዚያው ይቀራል። በጀት ሊቀነስ ይችላል። ሳይናገሩ መቀነስ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ባልተነገረ ቅነሳ ማንም አይጠየቅም።

መስከረም 2009 ዓ.ም. ይታወስ። በ22 ቢሾፍቱ ላይ፣ ከዱከም አፍንጫ ሥር፣ በኢሬቻ በዓል የብዙ ሰው ሕይወት አለፈ። በ30 ፕሬዚዳንት ሙላቱ ተሾመ ምክር ቤቶቹን ሲከፍቱ 10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ እንደሚቋቋም አስታወቁ። ለተቆጣ ወጣት የተሰጠ መልስ ነበር። ወጣቱ ተደራጅ ተባለ፤ ተደራጀ። መታወቂያውን፣ የቀበሌ ደብዳቤውንና የንግድ ዕቅዱን ይዞ ተሰለፈ።

ተዘዋዋሪ ፈንድ የሚዞረው የመጀመሪያው ተበዳሪ ሲመልስ ነው። መሥሪያ ቦታ፣ ገበያና ክትትል ያላገኘ ቡድን ከየት አምጥቶ ይመልስ? ብድሩ አልተመለሰም የሚለው ወቀሳ በየስብሰባው ሲነሳ ኖረ። ከኋላ ተራውን ይጠብቅ የነበረው ግን አንድ ብር ሳይበደር ተቀጣ። ለእሱ ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ቀረ።

ቅነሳ ያለ ቆራጭም ይመጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ የዶላር ዋጋ በአጭር ጊዜ ከእጥፍ በላይ ሄደ። ብየዳ የሚያስተምር ተቋም በጀቱ በዚያው ልክ ካልጨመረ ከውጭ የሚመጣውን ኤሌክትሮድ እንደ ድሮው አይገዛም። ወረቀቱ ላይ ምንም አልተነካም፤ ሠልጣኙ ግን ቆሞ ያያል።

"ዱከም ፋብሪካ ሞልቶ የለም እንዴ?" የሚል አይጠፋም። ሞልቷል። የቻይናው ጫማ አምራች ሁዋጂያን በ2004 ዓ.ም. ምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን ውስጥ ሥራ ሲጀምር አስቀድሞ 86 ኢትዮጵያውያንን ለሥልጠና ቻይና ልኮ ነበር። ፋብሪካም ያለ ሥልጠና እንደማይሄድ ያውቃል። የሚያሠለጥነው ግን ለራሱ ማሽን ነው። ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ ስታስወጣ እንደታየው፣ ገበያው ሩቅ አገር በተወሰነ ውሳኔ ሊዘጋ ይችላል። አንድ ስፌት ብቻ የምታውቅ ልጅ ያኔ ክህሎቷን የት ትወስደዋለች?

ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን በአምስት የኢትዮጵያ ድርጅቶች ለሥራ ያመለከቱ አንድ ሺህ ያህል ሰዎችን ተከታትለው ነበር። ከተቀጠሩት ሲሶው ያህል በመጀመሪያው ወር፣ 77 በመቶው ደግሞ ዓመት ሳይሞላ ለቀቁ። 300 ዶላር ገደማና የአምስት ቀን ሥልጠና ያገኙት ግን በዓመቱ ገቢያቸው በ33 በመቶ በለጠ። ከአምስት ዓመት በኋላ ሲታይ ልዩነቱ ጠፍቷል። "እንግዲያው ድጋፉ ከንቱ ነው" የሚል ቸኩሏል። ትምህርቱ ሌላ ነው፦ አንድ ጊዜ ሰጥቶ ዞር ማለት አያዘልቅም።

አስታውቆ መጨረስስ አይቻልም? ይቻላል። በ2009 የተጀመረው የከተማ ሴፍቲኔት በ11 ከተሞች ነበር፤ አዳማ ገባች፣ ዱከም አልገባችም። ተጠቃሚው ድጋፉ ለሦስት ዓመት እንደሆነ አስቀድሞ ይነገረዋል፤ ከሚከፈለው እየቆጠበ ይሄዳል፣ መጨረሻ ላይም መቋቋሚያ ገንዘብ ታሳቢ ይደረግለታል። ጉድለት አያጣውም፤ የሚያልቅበትን ቀን ግን አልደበቀም።

የከተማ አስተዳደርም ሆነ ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ይህን ያህል ማድረግ አያቅታቸውም። የትኛው ፕሮግራም እንደቆመ፣ ስንት ሰው ተራ ላይ እንደቀረና ገንዘቡ የት እንደደረሰ ጽፎ በር ላይ መለጠፍ አንድ ወረቀት ነው የሚፈጀው። ይህ ካልተደረገ ወጣቱ "ነገ ይለቀቃል" እያለ ሁለት ዓመት ይጠብቃል። በመጨረሻም ቤተሰቡ በሬ ሸጦ ወደ አረብ አገር ለሚልከው ደላላ ይከፍላል። መንግሥት ያተረፈው የመሰለው ብር የወጣው ከዚያ ቤት ነው።

መርዶው ይነገር። የተረዳ ሰው አልቅሶ ይነሳል፤ ያልተነገረው ግን ዛሬም ከቢሮው ደጅ አልተነሳም።