ፍላጎት ብቻውን ንግድ አይከፍትም

ከሲልቨር ስፕሪንግና ከአሌክሳንድሪያ በርካታ የኢትዮጵያውያን ልጆች በሞንትጎመሪ ኮሌጅና በሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ይማራሉ። የሥራ ፈጠራ ትምህርት ውጤት ብዙ ጊዜ የሚለካው ተማሪው የራሱን ድርጅት የመክፈት ፍላጎት እንዳለው በሚጠይቅ መጠይቅ ነው።

ይህ መለኪያ ያሳስታል። በኔዘርላንድስ ኮሌጅ ተማሪዎች ላይ ተካሂዶ በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከትምህርቱ በኋላ የተማሪዎቹ ፍላጎት እንዲያውም መቀነሱን አሳይቷል። ሆኖም ኪራዩን፣ ግብሩንና ዕዳውን አስልቶ ሐሳቡን የቀየረ ወጣት ትምህርቱ አልከሸፈበትም፤ የቤተሰቡን ጥሪት አድኗል። በጀት በመጠይቅ መልስ ከተደለደለ ግን መምህራን ተስፋ ሻጮች ይሆናሉ።

ያሰበበት ተማሪ ደግሞ መነሻ ገንዘብ ያስፈልገዋል። በ1983 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው፣ መቀመጫውን አርሊንግተን ያደረገው የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ልማት ምክር ቤት በእህት ድርጅቱ በኩል አነስተኛ የንግድ ብድር ይሰጣል።

ስለዚህ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ሕግ አውጪዎች ገንዘብ ሲመድቡ ትምህርቱ ከእንዲህ ዓይነት አበዳሪዎች ጋር እንዲተሳሰር ይደንግጉ። ውጤቱም በወጣ የንግድ ፈቃድ፣ በተመለሰ ብድርና ተመርምሮ በተተወ ዕቅድ ይለካ።