ስለ ወርቅ ጌጥና ስለ ምንጩ

ሰው ሁሉ መጌጥን ይወዳል። ይህም ፍቅር ከተፈጥሮ የመጣ ስለ ሆነ በራሱ ነቀፋ የለበትም። ሙሽራ በሰርጓ ቀን ብታጌጥ፣ እናትም ለልጇ የጆሮ ጉትቻ ብትገዛ፣ ይህን የሚያወግዝ ደስታን የሚጠላ ሰው ብቻ ነው። እኔ ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ጌጥን ለመንቀፍ ሳይሆን፣ ጌጥ ሲገዛ ማንም የማያነሣውን አንድ ጥያቄ ለማንሣት ነው። ይኸውም፦ ይህ ወርቅ ከየት መጣ? በመምጣቱስ ማን ተጎዳ? የሚል ነው።

የምኖረው በለገጣፎ ነው። በከተማችን የሰርግ ወራት ሲደርስ ወሬው ሁሉ የጥሎሽ ወርቅ ይሆናል። ስንት ግራም ነው? ባለ 18 ካራት ነው ወይስ ባለ 21? የእገሊት ሐብል ከእገሊት ሐብል ይከብዳልን? ደመወዙ ለቤት ኪራይ የማይበቃው ወጣት ሰው ፊት ላለማፈር ሲል ተበድሮ ይገዛል። ሚዛኑን ሁሉም ያውቃል፤ ዋጋውንም ሁሉም ያውቃል፤ ምንጩን ግን የሚጠይቅ የለም።

ወጣቶች ሆይ፤ የከተማችንን ስም እስቲ አስተውሉ። በኦሮምኛ «ላጋ» ማለት ወንዝ ማለት ነው። ለገጣፎም ለገዳዲም በወንዝ ስም የተጠሩ ናቸው። አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውሃ ከፊሉ የሚጠራቀመው በጎረቤታችን በለገዳዲ ግድብ ነው። አንድ ሰው መጥቶ፣ ከዚህ ግድብ በላይ መርዝ የተቀላቀለበት ጭቃ ላጠራቅም ቢል፣ ባለጠጋውም ድኻውም በአንድ ድምፅ እምቢ እንደሚለው አልጠራጠርም።

ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በጉጂ ዞን በሻኪሶ አጠገብ፣ እንደ እኛው ከተማ በወንዝ ስም የተጠራ አንድ ስፍራ አለ። እርሱም ለገደንቢ ነው። በዚያ የሚገኘው የወርቅ ማዕድን በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ከመንግሥት እጅ ወደ ሚድሮክ ተላለፈ። በአካባቢው የሚኖሩት ሰዎች ለብዙ ዓመታት፣ ልጆቻችን የአካል ጉዳት ይዘው ይወለዳሉ፤ ነፍሰ ጡሮች ያስወርዳቸዋል፤ ከብቶቻችን ውሃውን ጠጥተው ይሞታሉ እያሉ ጮኹ። በ2010 ዓ.ም. የማዕድኑ ፈቃድ ለተጨማሪ 10 ዓመታት መታደሱ በተሰማ ጊዜ ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፤ በግንቦት ወርም መንግሥት ፈቃዱን አገደ። በ2013 ዓ.ም. ሥራው እንደ ገና እንዲጀመር ተፈቀደ። አበው «ወርቅ ላበደረ ጠጠር» ይላሉ፤ ለእነዚህ ሰዎች ግን ጠጠሩም በረከት በሆነላቸው ነበር።

ይህ ነገር እንዴት እንደሚሆን በአጭሩ ልግለጽ። አንድ ቶን አለት ተፈጭቶ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ጥቂት ግራም ወርቅ ብቻ ነው። በትልልቆቹ ማዕድን ማውጫዎች ወርቁን ከተፈጨው አለት ለይቶ ለማውጣት ሳያናይድ የተባለ መርዝ የተቀላቀለበት ውሃ ይፈስበታል። ወርቁ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ጭቃ በትልቅ ኩሬ ይጠራቀማል። ኩሬው በሚገባ ካልተጠበቀ ምን እንደሚደርስ የሮማኒያ ታሪክ ያስተምረናል። እ.ኤ.አ. በጥር ወር 2000 ባያ ማሬ በተባለች ከተማ አጠገብ የአንድ ወርቅ ማውጫ ግድብ ተደርምሶ፣ 100,000 ሜትር ኩብ ያህል መርዛም ውሃ ወደ ወንዝ ገባ፤ ቲሳንም አልፎ እስከ ዳኑብ ድረስ ወረደ፤ እስከ ሃንጋሪም ዓሣውን ፈጀ። በእጃቸው የሚቆፍሩት ድኾች ደግሞ በብዙ አገር ወርቁን የሚሰበስቡት በሜርኩሪ ነው። ሜርኩሪውን በእሳት ሲያተኑት መርዛም እንፋሎቱን ራሳቸውና ልጆቻቸው ይተነፍሱታል።

እንግዲህ ይህን ስናገር የሚቃወመኝ አይጠፋም። አንዱ፣ «ወርቅ ለአገር የውጭ ምንዛሪ ያመጣል» ይለኛል። እውነት ነው፤ እኔም ማዕድን ይዘጋ አላልሁም። ነገር ግን ጥቅሙ ለሁላችን፣ መርዙ ለአንድ መንደር ብቻ የሚሆንበት ክፍያ ምን ዓይነት ፍርድ ነው?

ሌላው፣ «የእኔ ቀለበት ከለገደንቢ እንደ መጣ በምን ታውቃለህ?» ይላል። ክፋቱ በዚህ ላይ ነው! ወርቅ ሲቀልጥ አገሩን ይረሳል። የሻኪሶው፣ የቤንሻንጉሉና የባሕር ማዶው በአንድ ማቅለጫ ከተደባለቀ በኋላ ማንም ሊለየው አይችልም። ስለዚህ ገዢው «ከእኔ አይደለም» ሊል የሚችለው ጠይቆ እንደ ሆነ ነው እንጂ፣ ባለመጠየቁ ንጹሕ ሊሆን አይችልም።

ሦስተኛው፣ «ወርቅ ለክፉ ቀን የሚቀመጥ ቅርስ ነው» ይለኛል። ይህ ከሁሉ የተሻለ ክርክር ነው፤ ዳሩ ግን የሚረዳው እኔን ነው። ወርቅ አይዝግም፤ አያረጅም። እስከ ዛሬ በዓለም ከተቆፈረው ወርቅ ግማሽ የሚጠጋው አሁንም በጌጥ መልክ ይገኛል። የአያት አምባር ለወርቅ ሠሪ ተሰጥቶ ቢቀልጥ፣ ከአዲሱ ወርቅ የማያንስ ቀለበት ይወጣዋል። ሳይቆፈር የሚገኝ ወርቅ በየሣጥናችን ሳለ፣ ለአንድ ቀን ሰርግ ብለን ሌላ አለት የምናስፈጨው ስለ ምንድን ነው? ለቅርስ ሳይሆን ለጎረቤት ዓይን ነው።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፤ ልታገቡ በምትሰናዱበት ጊዜ ሦስት ነገር አድርጉ። በመጀመሪያ፣ ሽማግሌዎች ስለ ጥሎሽ ሲነጋገሩ የግራሙን ፉክክር እናንተ ራሳችሁ አስቀሩት፤ ወላጆቻችሁ ስለ ክብራችሁ ሲሉ የጀመሩትን እናንተ በአክብሮት ልታበርዱት ትችላላችሁ። ሁለተኛ፣ በቤተ ሰብ ያለውን አሮጌ ወርቅ አሠሩ። ሦስተኛ፣ አዲስ መግዛት ግድ ከሆነባችሁ፣ ከየት እንደ መጣ ሻጩን ሳታፍሩ ጠይቁ። አንድ ሰው ቢጠይቅ ሻጩ ይስቅ ይሆናል፤ መቶ ሰው ቢጠይቅ ግን መልስ መፈለግ ይጀምራል፤ ነጋዴ ገዢው የሚፈልገውን ያቀርባልና። የምንጠጣውን ወንዝ ከመርዝ የምንጠብቅ ሰዎች፣ የሻኪሶ እናት የምትቀዳበትንም ወንዝ እንደ ራሳችን ልንቆጥር ይገባናል።