«ምን ይዘሽ መጣሽ?»

በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ አገራቸው መለሰች። ከመካከላቸው በቤት ሠራተኝነት የኖሩ ብዙ ሴቶች ነበሩ። ደመወዟን ተነጥቃ፣ ተደብድባ ወይም ተደፍራ የተመለሰች ልጅን ቤት የሚጠብቃት ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ «ምን ይዘሽ መጣሽ?» የሚል ነው።

ዝም ትላለች።

ይህን ዝምታ ለመስበር የቡድን ሕክምና ትልቅ አቅም አለው። አሜሪካዊቷ የሥነ አእምሮ ሐኪም ጁዲት ኸርማን በ1992 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ማገገምን በሦስት ደረጃ ከፍለውታል፤ ደኅንነት፣ የደረሰውን ማስታወስና ማዘን፣ ከሰው ጋር ዳግም መተሳሰር። የመጀመሪያው ሳይጸና ወደ ሁለተኛው መቸኮል ቁስሉን ያመረቅዛል። ስለዚህ በቡድኑ ውስጥ ማንም ታሪኳን እንድትናገር አትገደድም፤ የሰማችውንም ወደ ውጭ አታወጣም። አንዷ ሌሊት ስለሚያባንናት ቅዠት ስታወራ ሌላዋ «እኔም» ካለች፣ ኀፍረቱ መቅለል ይጀምራል። ቡና እየተጣጡ ኀዘን ለሚካፈሉ ሴቶች ደግሞ ክብ ሠርቶ መቀመጥ እንግዳ ነገር አይደለም።

አዲስ አበባ ውስጥ እንደ አጋር ኢትዮጵያ ያሉ ድርጅቶች ተመላሾችን ያስጠልላሉ፣ ያማክራሉ። ብዙዎቹ ሴቶች ግን መግቢያቸው ገጠር ነው። መንግሥት አገልግሎቱን እስከ ወረዳ ጤና ጣቢያ ያድርስ፤ ቤተሰብም «እንኳን በሕይወት መጣሽልን» ብሎ ይቀበላት።