የመጨረሻዋን ገጽ አትናቁ



እኛ በኪርያት ጋት የምንሠራ ማኅበራዊ ሠራተኞች በየቤታችሁ ስንገባ አንድ ነገር ደጋግመን አይተናል። ከጎንደር በጀርባ ታዝሎ የመጣ ኦሪት በማሕደሩ እንዳለ ከቁም ሣጥን በላይ ይቀመጣል። ልጆቹን «ማን ጻፈው? ማንስ አስጻፈው?» ብንል መልስ የለም። ከዚያ አንድ ገዢ ጥቂት ሸቀል ይዞ ይመጣል፤ መጽሐፉም ይሄዳል። ይህን አጥብቀን እንቃወማለን።

የአገራችን ቁም ጸሐፊ «ተፈጸመ» ብሎ ዝም ብሎ አይነሣም። ብዙ ጊዜ የራሱንና ያስጻፈውን ሰው ስም፣ አንዳንዴም ዘመኑንና ንጉሡን ያሰፍራል፤ ለጻፈው፣ ላስጻፈው፣ ላነበበውና ለሰማው ምሕረት ይለምናል። ይህች ጽሑፍ ከሌለች ሊቃውንት የመጽሐፉን ዕድሜ ከፊደሉ ቅርጽ ለመገመት ይገደዳሉ።

«ኦሪት ኦሪት ነው፤ የጸሐፊው ስም ምን ያደርጋል?» የሚሉን አሉ። አርመኖችን ተመልከቱ። እንዲህ ያለውን መዝጊያ ጽሑፍ «ሂሻታካራን» ይሉታል፤ መታሰቢያ ማለት ነው። ጦርነቱን፣ ረኃቡን፣ ከማራኪ እጅ በገንዘብ የተዋጀውን መጽሐፍ ሁሉ እዚያ ጽፈዋል። አቬዲስ ሳንጂያን ከ1301 እስከ 1480 የተጻፉትን መርጦ በ1969 በእንግሊዝኛ አሳተመ፤ የታሪክ ሰዎች ዛሬም ይጠቀሙበታል። እዚሁ ኢየሩሳሌም በቅዱስ ያዕቆብ ገዳም 4,000 ያህል በእጅ የተጻፉ መጻሕፍት ጠብቀዋል።

«በመጽሐፋችን የክርስቲያን ስም አለ፤ እናፍራለን» የሚሉም አሉ። አባቶቻችን ከክርስቲያን ጸሐፊዎች መጻሕፍት ይገዙ ነበር። የሥላሴን ስም ፍቀው «ይትባረክ እግዚአብሔር አምላከ እስራኤል» ብለው ይጽፉ ነበር። ያ ፍቀት በእምነታቸው የመጽናታቸው ምስክር ነው፤ ምን ያሳፍራል? ዛሬ እንደገና በምላጭ ብንፍቅ ግን ምስክሩን ራሳችን ገደልነው ማለት ነው።

ከእኛ መካከል የልደት ቀኑ በግምት የተመዘገበለት፣ ስሙ በዕብራይስጥ የተለወጠበት ስንት ነው! የአያቱ ስም በብራና ላይ ያለለት ቤተሰብ ከዚህ የበለጠ ምን መታወቂያ ይፈልጋል?

ስለዚህ መጽሐፉን ለማንም ከመስጠታችሁ በፊት ወደ ቄስ ወስዳችሁ የመጨረሻዋን ገጽ አስነብቡ። ፎቶ አንሡ። ስሞቹን በአማርኛና በዕብራይስጥ ጽፋችሁ ለልጆቻችሁ ስጡ። ለቤተ መጻሕፍት ብትሰጡም በደረሰኙ ላይ «ከኢትዮጵያ የመጣ» ተብሎ ብቻ እንዳይጻፍ፤ የጸሐፊው፣ ያስጻፈውና ያቆየው ቤተሰብ ስም ይጻፍ በሉ። መብታችሁ ነው።

ጸሐፊው ስሙን የተወው እንድናስታውሰው ነው። አንሽጠው።