‹‹የጋራውን አውጣ›› ማለት ይቅርብን



በዚህ ግድግዳ ላይ ስለ ስፖርትም ስለ ንጽሕናም ብዙ ተጽፏል። እኛ ዛሬ ስለ አንድ የሒሳብ ቃል ልንጽፍ ተነሥተናል፤ ይኸውም ፖሊኖሚያል ፋክተር ሲደረግ ሁላችንም የምንለው ‹‹የጋራውን አውጣ›› የሚለው ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በልጆች ፊት አሳፍሮናል።

የማስተማር ልምምድ በወጣንበት በአንድ ትምህርት ቤት፣ 7ኛ ክፍል ውስጥ፣ ከመካከላችን አንዱ ሰሌዳው ላይ 5ሀ + 5 ብሎ ጻፈ። (በፈረንጅ ፊደል ፋንታ በሀ እና በለ እንጠቀማለን፤ ሒሳቡ እንደሆነ አይቀየምም።) ‹‹5 የጋራ ስለሆነ እናወጣዋለን›› አለና 5(ሀ) ብሎ ጨረሰ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አወጣችና ‹‹ቲቸር፣ ሀ 2 ቢሆንስ?›› አለች። ተሰላ። ከላይ ያለው 15፣ ከታች ያለው 10 ሆነ። ደወል ባይደርስልን ኖሮ ምን እንል እንደነበር እግዜር ይወቀው።

ማታ ተሰብስበን ስንነጋገርበት ጥፋቱ ከቃሉ እንደሚጀምር ታየን። በአማርኛችን ከመሶብ አምስት እንጀራ ከወጣ አምስት ይጎድላል፤ የነበረው አምስት ብቻ ከሆነ መሶቡ ባዶ ይቀራል። ይህ መቀነስ ነው። የጋራ አካፋይ የምንፈልግበት ሥራ ግን ማካፈል ነው። 5 ለ5 ሲካፈል 1 ይደርሳል እንጂ ባዶ አይቀርም፤ ስለዚህ መልሱ 5(ሀ + 1) ነው። ‹‹አውጣ›› የተባለ ልጅ አንዷን ቢጥላት ምን ይፈረድበታል? የነገርነውን ነው የሠራው።

በቡድን ስንመድብም ያው ነው። ሀ³ − 2ሀ² − 3ሀ + 6 ን እንውሰድ። ከፊተኞቹ ሁለት ሀ²(ሀ − 2) እናገኛለን። ከኋለኞቹ ሁለት −3 ‹‹ሲወጣ›› ግን ብዙዎቻችን የ6ን የመደመር ምልክት እያየን −3(ሀ + 2) እንጽፋለን፤ ከዚያ ቅንፎቹ አልገጥም ሲሉን ጥያቄው ተሳስቷል እንላለን! 6 ለ −3 ሲካፈል −2 መሆኑን ያሰበ −3(ሀ − 2) ይጽፍና (ሀ − 2)(ሀ² − 3) ላይ ይደርሳል።

እዚሁ ኮልፌ አጠና ተራ ብቅ ብንል ይህን ሥራ ያለ ሰሌዳ ልናስረዳው እንችላለን። አንድ ደንበኛ 12 አጠናና 12 ማገር፣ ሌላው 8 አጠናና 8 ማገር ይገዛል እንበል። የአጠናው ዋጋ ሀ፣ የማገሩ ለ ቢሆን ድምሩ 12ሀ + 12ለ + 8ሀ + 8ለ ነው። አራቱን ለየብቻ ማስላት ይቻላል። አንድ አጠናና አንድ ማገርን አጣምሮ ዋጋቸውን በ20 ማባዛት ግን ይቀላል፤ 12(ሀ + ለ) + 8(ሀ + ለ) = 20(ሀ + ለ)። ሁለተኛው ደንበኛ 9 ማገር ቢገዛ አንዲት ማገር ከጥምሩ ውጭ ትቀራለች፤ እሷንም የሚረሳ ነጋዴ የለም።

‹‹እኛ የምንመደበው ታችኛው ክፍል ነው፤ ፖሊኖሚያል ምን ያደርግልናል?›› የሚሉ ጓደኞች አሉን። 6 × 9 + 6 ስንት ነው ብሎ የ3ኛ ክፍል ልጅን መጠየቅ ነው። ዘጠኝ ስድስቶችና አንድ ስድስት አሥር ስድስቶች መሆናቸውን ያየ ልጅ 60 ይላል፤ ያላየ ይንገታገታል። ያቺ የጠፋችው አንድ ከዚህ ጀምራ ነው የምትጠፋው። መምህሩ ካላያት ማን ያሳያቸው?

ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። ኤውክሊድ ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ ሁለተኛ መጽሐፉን የጀመረው ይህንኑ ሕግ በአራት ማዕዘን እያሳየ ነው። ወርዱ 5፣ ርዝመቱ ሀ የሆነ መሬት፣ አጠገቡም ወርዱ 5፣ ርዝመቱ 1 የሆነ ቁራጭ ይሣል፤ ቁራጩን መሬት ማንም ‹‹ወጥቷል›› ብሎ አይጥለውም። እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ ኢትዮጵያም የተካፈለችበት፣ በዩጋንዳ እንተቤ የተዘጋጀው የአፍሪካ የሒሳብ ትምህርት ፕሮግራምም ለእነዚህ ሕጎች ትልቅ ቦታ ሰጥቶ ነበር። ሆኖም የሕግ ስም ማጥናት ብቻውን ምን ያህል እንደሚያስኬድ ከራሳችን አይተናል። ስሙንማ እኛም በቃላችን እናውቀው ነበር።

መምህሮቻችንን የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ መልሱን መልሶ አባዝቶ ላረጋገጠ ሠልጣኝ ለዚያው ለብቻው ማርክ ይሰጠው፤ ማረጋገጫው ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም። ሁለተኛ፣ ፈተና ላይ የሚመጣው ሁሉ የሚገጥም ባይሆን። ሁልጊዜ ስለሚገጥም ሳናስብ እናስገጥመዋለን።

ለሙከራ ከዚህ ሥር ሁለት ለጥፈናል፤ 2ሀ³ + 6ሀ² + 5ሀ + 15 እና ሀ³ + 2ሀ² + 3ሀ + 5። አንዱ በቡድን ይሆናል፣ ሌላው እንዴትም ቢመደብ እምቢ ይላል። የማይሆነውን ለይቶ ምክንያቱን በአንድ መስመር የጻፈም እንደ ሌላው ሁሉ ሙሉ ማርክ ይገባዋል ባዮች ነን።